«በፈቃዴ» ያልኩበት ጠዋት

ዘበኛችን ሊቀልዱብኝ ሲገባቸው ዝም ያሉ ጊዜ ነው አደጋ እንዳለ የገባኝ።

የምሠራው ካዛንቺስ ነው። አንድ ፔንሲዮን አለ፣ እዚያ ክፍል አጸዳለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ። ዘበኛው የሸበቱ ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ እቴጌ ይሉኛል። ኮቴዬን ይለዩታል መሰለኝ፣ ጠዋት ስመጣ ሳላንኳኳ ነው ትንሿን በር የሚከፍቱልኝ። «እቴጌ፣ ሠረገላው ዛሬ አረፈደ?» ይላሉ። ሠረገላ የሚሉት እግሬን ነው፤ ከቂርቆስ እስከዚህ በእግሬ እንደምመጣ ያውቃሉ። «ፈረሱ ደክሞት ነው» እላለሁ እኔም። በቃ፣ እንዲህ ተባብለን ነው ሥራ የምንጀምረው። ሁልጊዜ ያው ቀልድ ነው፤ ግን ሁለታችንንም ሰልችቶን አያውቅም።

ያን ቀን በሩ አልተከፈተም። አንኳኳሁ። ጋሼ ወጡና በሩን ከኋላቸው ሳብ አድርገው ዘጉት። ሁለታችን አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆምን። ሠረገላ የለ፣ እቴጌ የለ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ተሽሏታል አልኳቸው። ተመስገን አሉና ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ከዚያ ፊቴን ሳያዩ፣

«አንቺ ልጅ፣ ለቅቄያለሁ ብለሻል እንዴ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሥራውን ነዋ። በፈቃዷ ለቃለች፣ ብትመጣ እንዳታስገባ ተብያለሁ። በቦታሽም ሰው ገብቷል።»

ጋዋኔን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በፌስታል ይዤ ነበር የመጣሁት። ፌስታሉን አጥብቄ ያዝኩት፤ እሱንም አምጪ የሚሉኝ መሰለኝ። ጋሼ ገብተው ማናጀሩን ላናግርልሽ አሉና ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። በራሷ አፍ ነው የተናገረችው፣ ሰው ሰምቷል፣ የምነጋገረው ነገር የለኝም ብሏል አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እሳቸው ያባረሩኝ ይመስል ድምፃቸው አንሶ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ልጄ አስራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ሆዴን ብላ ተኛች። ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት። አልቆመም። እንደ ሕፃን ተኮራምታ ስታቃስት ጎረቤት ጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ትርፍ አንጀት ነው፣ ዛሬውኑ መከፈት አለባት አሉኝ። እሷን አዘጋጅተው ሲወስዷት እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ ምን ይመስላችኋል? ሥራ። ሳይናገሩ መቅረት ደስ አይለኝም። ቀርቼም አላውቅ። ጎረቤቴን እዚህ ቁሚልኝ ብዬ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና ካዛንቺስ ሄድኩ።

ማናጀሩ አዲስ ነው። ልጅ እግር ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ቢሆን ነው፤ ግን እርስዎ ነው የምለው፣ እሱ አንቺ ይለኛል። ሪሴፕሽኑ ጋ ቆሞ ስልክ ያወራል፤ ሻንጣ የያዘ እንግዳም ፊቱ ቆሟል። ልጄ ልትከፈት ነው፣ አልመጣም፣ ቀናት ያስፈልገኛል አልኩት። ስልኩን ከጆሮው ሳይነቅል «በፈቃድ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። እኔም «አዎ፣ በፈቃዴ ነው የምሄደው» አልኩት። ይሁን ሂጂ አለኝ። ሮጬ ወጣሁ።

ይኸው ነው። የተባለው ይኸው ብቻ ነው።

እኔ ፈቃድ የማውቀው ሁለት ነው። አንደኛው የጎረቤቶቼ ነው። ግቢያችን ውስጥ አስተማሪም የቢሮ ሠራተኛም አለ፤ በሥራ ቀን ልብስ ሲያሰጡ ካየኋቸውና ዛሬ እንዴት ነው ካልኳቸው፣ ፈቃድ ላይ ነኝ ይላሉ። ሁለተኛው የእግዚአብሔር ነው፤ ፈቃድህ ይሁን የምንለው። ሦስተኛ ፈቃድ እንዳለ፣ ማለቴ «በፈቃዱ ለቀቀ» የሚባል የቢሮ ቋንቋ እንዳለ፣ በዚያ በር ላይ እስከቆምኩበት ጊዜ ድረስ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ማንበብ አነባለሁ። የቃል ወጥመድ ግን ሲነበብ ቀርቶ ሲነገርም አይታወቅም።

ከበሩ ላይ ወዴት እንደምሄድ አላወቅኩም። እግሬ ወደ መስቀል አደባባይ ወሰደኝ። ጠዋት የሚሮጡት ሰዎች ጨርሰው ላባቸውን እየጠረጉ ይበተናሉ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቤት መሄድ ፈራሁ፤ ልጄ ለምን ተመለስሽ ትለኛለች። እውነቱን ከነገርኳት ደግሞ በኔ ሆድ የተነሳ ነው ትላለች፤ እንደዚያ ያለች ልጅ ናት። ቁስሏ ገና አልደረቀም፣ ሐኪም ቤት መመለሻዋ አልደረሰም፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። ሁሉም የተንጠለጠለው በዚያች ትንሽ በር ላይ ነበር። እኔም ያኔ ነው ያወቅኩት። ቤቴ የቆመው በግድግዳው ይመስለኝ ነበር።

ፔንሲዮኑ ውስጥ አንሶላ የምትተኩስ ጓደኛ አለችኝ፤ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ደወልኩላት። ሰምታለች። ካውያው ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ነው የምታወራው።

«የት ነሽ አሁን?»

«መስቀል አደባባይ።»

«ሩጫ ጀመርሽ?»

ሳቄ መጣና ተቋረጠ። እሷም ገባት፤ ድምፅዋን ቀነሰች። ክፍለ ከተማ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ ወንድሜ አንድ ጊዜ ሄዶ ያውቃል፣ ሄደሽ ንገሪያቸው አለችኝ።

«እኔ ሠራተኛ አይደለሁማ» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነሽ፣ ቱሪስት?»

ቀልዷን አልነበረም፤ እኔም ቀልዴን አልነበረም። በኔ አፍ ሠራተኛ የሚባለው ወይ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ የመንግሥት ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ሁለተኛዋን በልጅነቴ ሆኛታለሁ። ፔንሲዮን ከገባሁ ወዲህ ግን ምን እንደምባል አስቤው አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «እዚያ እውላለሁ» ነው የምለው። የተፈራረምኩት ነገር የለም። ነይ ተባልኩ፣ ሄድኩ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ቀጠልኩ። እንደዚህ የገባ ሰው እንዲያው ቢወጣ ማንን ይጠይቃል?

ደግሞ ፈራሁ። መክሰስ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል። ካዛንቺስ ሕንፃው ረዘመ፣ መንገዱ ሰፋ እንጂ አንድ መንደር ነው፤ የሆቴል ማናጀር ሁሉ ይተዋወቃል። ያቺ ሴትዮ ከሳሽ ናት ከተባልኩ ማን አንሶላ ይሰጠኛል? ስለዚህ በዚያ ቀን አልሄድኩም። ቤት ገባሁ፤ ቶሎ ለቀቁኝ አልኩ።

በነጋታው ልጄ ከእንቅልፏ ስትነቃ አጠገቧ አየችኝ። ፊቷ በራ። «እማ፣ ዛሬም ፈቃድ ላይ ነሽ?» አለችኝ።

ከመታመሟ በፊት ቤት ስውል አይታ አታውቅም፤ ለዚህ ነው የበራችው። አዎ ማለት አቃተኝ፣ አይ ማለትም አቃተኝ። ጎረቤቴን እያትልኝ አልኩና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ያለችኝ የክፍለ ከተማው ቢሮ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ብዙ ሰው ተቀምጧል፤ የግንባታ ኮፍያውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰውዬ ከፊቴ ነበር። እኔ የጠበቅኩት ከውስጥ «ቀጣይ» የሚል ድምፅ ነው። ቢሮ ስንሄድ የለመድነው እሱን ነዋ። እዚህ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር አንዲት ሴት ራሳቸው ወጥተው ነው ሰው የሚጠሩት። ሹራብ ደርበዋል፤ መነጽራቸው ፀጉራቸው ላይ ነው፤ ዕድሜያቸው ከኔ ብዙም አይርቅም። ሰውዬውን «ይምጡ ወንድሜ» አሉት። ተራዬ ሲደርስ ወደኔ ጎንበስ ብለው፣ «ይግቡ እህቴ፣ ብዙ ጠበቁ» አሉኝ።

እርስዎ ብለውኝ። ለሰው እርስዎ ስል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ጠረጴዛ ያለው ሰው መልሶልኝ አያውቅም ነበር። ቃሏ ራሷ ወንበር ሆነችልኝ፤ ሳልቀመጥ አረፍኩ።

ሥራቸውን ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። አይቸኩሉም፣ አያዘገዩም። ሻያቸው አጠገባቸው ይቀዘቅዛል፣ እሳቸው ዐይናቸውን ከሚያናግሩት ሰው ላይ አያነሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግለሰብ ቤት ነው የምሠራው ወይስ ድርጅት ነው። ፔንሲዮን ነው አልኳቸው። ጥሩ፣ እንግዲያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይመለከትዎታል አሉኝ። እኔ ደግሞ የሚያስፈራኝን ቶሎ ልገላገለው ብዬ፣ ውል የለኝም አልኩ፤ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው።

«ይሠሩ ነበር?»

«አዎ።»

«እነሱ ነበሩ የሚያሠሩዎት? ሥራ የሚያዙዎት፣ ደሞዝ የሚሰጡዎት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ውልማ አለዎት። የሌለው ወረቀቱ ነው።»

እንዲህ ብለው ሳቅ አሉ። አስቡት፤ ስንት ዓመት ሙሉ የለኝም ብዬ የምሳቀቅበት ነገር በጉልበቴ ተጽፎ ኖሯል። ሥራው ውሉ ነው፤ ወረቀት አለመኖሩ የኔን መብት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ምን ሥራ በምን ደሞዝ እንደምሠራ ጽፎ መስጠት የአሠሪው ድርሻ ነበር አሉኝ። እሳቸው ዳኛ እንዳልሆኑም ነገሩኝ። ሥራቸው ማስማማት ነው፤ ካልተስማማን ፍርድ ቤት አለ፤ ሠራተኛ ለመክሰስ ዳኝነት አይከፍልም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሰው ግን ሦስት ወር ሳያልፍበት መጠየቅ አለበት፣ ቶሎ መምጣትዎ ደግ አደረጉ አሉኝ። አንድ ቀን ሙሉ በፍርሃት ያባከንኩት ሴትዮ ቶሎ መጡ ተባልኩ።

«ይናደዱብኝ ይሆን?» አልኳቸው።

አልዋሹኝም። ሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ፣ ምንም አይሉሽም ይል ነበር። እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ሊናደዱ ይችላሉ። መናደድ ግን ሠራተኛ ማሰናበቻ ምክንያት ተብሎ አዋጁ ላይ የለም» አሉ።

ከዚያ የዚያን ቀን ቃል ጠየቁኝ። ታሪኩን አይደለም፣ ቃሉን። እሱ ምን አለ፣ እርስዎ ምን አሉ፣ እንደተባለው። ነገርኳቸው። «በፈቃዴ» ጋ ስደርስ እስክሪብቷቸው ቆመ። እስቲ ይድገሙት አሉኝ። ደገምኩት። መነጽራቸውን ከፀጉራቸው አውርደው ዐይናቸው ላይ አደረጉና አዩኝ። ወደ ማናጀሩ እዚያው ደወሉ፤ በትሕትና፣ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው። ቀን ተቀጠረልን።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ምክር አላት። አላልኩም በይ አለችኝ። ማን ይመሰክራል? ሻንጣ የያዘው እንግዳ አገሩ ገብቷል። ከዚያ እሱ ብላለች ይላል፣ አንቺ አላልኩም ትያለሽ፣ በቃ እኩል ትሆናላችሁ። አሰብኩት፤ ልክ መሰለኝ። እየተለማመድኩት ነው የሄድኩት። አላልኩም፣ አላልኩም እያልኩ በመንገዱ ሙሉ።

ማናጀሩ ሽቶ ሸትቶ፣ የላፕቶፕ ቦርሳውን ይዞ መጣ። እንግዶች አሉብኝ፣ ጊዜ የለኝም አለ ገና ሳይቀመጥ። ሴትየዋ እንደማያቆዩት ነገሩትና ከጠረጴዛቸው ኋላ ተነስተው ወንበራቸውን ጎትተው ወደኛ መጡ። ሦስታችን ምንም በመካከላችን ሳይኖር ተቀመጥን፤ ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ይህን ለምን እንዳደረጉት ያኔ አልገባኝም። አሁን ግን ይገባኛል። ጠረጴዛ ቢኖር እኔ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ እንሆን ነበር፤ እሱ የጠረጴዛ ሰው ነዋ።

መጀመሪያ እሱን ጠየቁት።

«እኔ አላባረርኳትም» አለ። «ራሷ ናት በፈቃዴ ነው የምሄደው ያለችኝ። ይኸው አለች፣ ትካደኝ።»

ወደኔ ዞሩ። «ብለዋል እህቴ?»

የተለማመድኩት ቃል አፌ ላይ ነበር። ያን ያህል ቅርብ ተቀምጠው፣ ያን ያህል አጥርተው ሲያዩኝ ግን መዋሸት ያከበሩኝን መልሶ መስደብ ሆነብኝ። ልጄም ታየችኝ። ዛሬም ፈቃድ ላይ ነሽ ስትለኝ መዋሸት አቅቶኝ አይደል የወጣሁት?

«ብያለሁ» አልኩ።

ሥራዬን ሁለተኛ ጊዜ በገዛ አፌ የለቀቅኩ መሰለኝ። ማናጀሩ ተደላድሎ ተቀመጠ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጠቀለልኩ።

ሴትየዋ ግን ደስ አላቸው። «ሁለታችሁም አንድ ቃል ነው የምትናገሩት፤ እዚህ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ አይገኝም። ሥራዬን አቀለላችሁልኝ» አሉ። ከዚያ ወደሱ ዞረው፣ ልክ ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «እሳቸው እንዲያ ሲሉ እርስዎስ ምን ብለው ሸኟቸው?» አሉት።

እኔ ይሁን ሂጂ ያለኝን ብቻ ነበር የማስታውሰው፤ እየሮጥኩ ነበር። እሱ ግን አስታወሰ። ጨካኝ ነው ተብሎ የተነገራቸው ሳይመስለው አልቀረም፤ ቀና አለ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጇ እኮ ታማባታለች። እግዜር ይማርልሽ፣ ቶሎ ተመለሽ ብዬ ነው የሸኘኋት።»

ሴትየዋ አልቸኮሉም።

«ቶሎ ተመለሽ ነው ያሏቸው?»

«አዎ።»

«ሥራ የለቀቀን ሰው?»

ቦርሳውን ከአንድ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወረ። ወግ ነው፣ ለታመመ ሰው ቤተሰብ የሚባል ነው አለ ቀስ ብሎ። ሴትየዋ ጥሩ ወግ ነው አሉት፤ አላላገጡበትም። ያንን ነው እስከ ዛሬ የማደንቅላቸው። ሌላ ሰው እዚያ ላይ ይይዘው ነበር፣ ይጮኽበት ነበር። እሳቸው ግን አስተማሪ እንደሚያስረዳ፣ ለሁለታችንም እኩል፣ አስረዱን። በፈቃዱ ሥራ የሚለቅ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ነው የሚያሳውቀው። ሰው በሩጫ ላይ፣ ልጁ ሐኪም ቤት ሆና፣ ሪሴፕሽን ላይ በአፉ ያለው ነገር ሥራ መልቀቂያ አይሆንም። ቀርታለች ነው የምንለው ብትሉም በጽሑፍ ያስጠነቀቃችሁት ነገር መኖር አለበት። «እርስዎም ለቦታው አዲስ ነዎት፤ ይህን አሁን ማወቅዎ በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድንዎታል» አሉት። መውጫ በር ከፈቱለት። ሰው ሲሸነፍ የሚወጣበት በር ካልተተወለት እዚያው ቆሞ እንደሚበላሽ ያውቃሉ እሳቸው።

እሱ ግን ወዲያው አልወጣም። አንድ ነገር ቀረው።

«ቢሆንስ፣ ፈቃድ የምንሰጠው እኛ ነን። እሷ ፈቃዴ ብላ አትሄድም።»

«መቼ እንደሚወጡ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ልክ ብለዋል» አሉ ሴትየዋ። «ሂጂ ብለዋቸዋል፤ ወስነዋል። ፈቃዱ ግን የሳቸው ነው። የዓመት ፈቃድ አሠሪ የሚቸረው ስጦታ አይደለም፤ ሠርተው ያገኙት ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «የዓመት ፈቃድ ወጥተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«አንድም ጊዜ?»

«እንዳለኝም አላውቅም።»

ማናጀሩን አዩት። እሱ መሬቱን አየ። ሴትየዋ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«እንግዲህ እህቴ፣ አልተሳሳቱም። በፈቃዴ ማለትዎ ልክ ነበር። ፈቃድዎ ነበረ።»

«ፈቃዴ» ጫፍ ላይ ያለችውን «ዴ» አስቤያት አላውቅም ነበር። በልማድ ከምላሴ የወጣች ናት። «የኔ» ማለት ናት ለካ። በዚያች ፊደል ነው እሱ ያስወጣኝ፣ በዚያችው ፊደል ነው እሳቸው ያስገቡኝ። ማናጀሩ መጀመሪያም ተሳስቶ ሰምቶኝ ይሁን ወይስ ሌላ ሰው ማስገባት ፈልጎ ቃሏን ይዟት ይሁን፣ አላውቅም። ሴትየዋም አልጠየቁትም። ልቡን ትተው ቃሉን ነው የያዙት።

ብዙ አልቆየም። በቃ ነገ ትግባ አለ። ልጄን የጠበቅኩባቸው ቀኖች ካልወጣሁት የዓመት ፈቃድ ይያዙ ተባለ፤ ተስማማ። እኔ በቦታዬ የገባችው ልጅ አሳሰበችኝና፣ እሷስ አልኩ። እዚህ ጋ ማናጀሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። ላውንድሪ ሰው ያስፈልገናል፣ ትቆያለች አለ። አሁን አብረን አንሶላ እናጥፋለን፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጥግና ጥጉን ታጋጥማለች። ስለ ፈቃድ የሰማሁትን የነገርኳት መጀመሪያ ለሷ ነው።

ከሳምንት በኋላ ዳቦ ጋግሬ ወደዚያ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሴትየዋ በር ላይ ወጥተው ሰው ሲጠሩ አገኘኋቸው። ዳቦውን አልተቀበሉም፤ አይቻልም አሉኝ፣ በሥራዬ ስጦታ አልወስድም። ተከፋሁ። ይህን አዩና፣ አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት ሰዎች በዐይናቸው አሳይተውኝ፣ «እነሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም» አሉኝ። እዚያው ቆርሼ አደልኩ። ሰዎቹ እየበሉ የየራሳቸውን ነገሩኝ። አንዷ ልክ እንደኔ፣ እኔ እኮ ሠራተኛ አይደለሁም ስትል ሰማኋት። ታዲያ ምንድን ነሽ፣ ቱሪስት አልኳት። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

ይህን ስጽፍ ልጄ አጠገቤ ሆና ፊደሌን ታቃናልኛለች። ጠባሳዋ ትንሽ ነው፤ ያሳክከኛል ትላለች። «ፈቃዴ» የምትለዋን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ፤ እሷን ራሴ ነኝ የጻፍኳት።

ወደ ሥራ የተመለስኩ ጠዋት መስቀል አደባባይን ሳልፍ የሚሮጡት ሰዎች ገና እየሮጡ ነበር። ጋዋኔ ያው ፌስታል ውስጥ ነው፣ ድጋሚ ተኩሼዋለሁ። ካዛንቺስ ደረስኩ። አሁንም ያ በር ሳይከፈት ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ፤ የሰው ቃል አንድ ጊዜ ከዳኝ አይደል? እርምጃዬን ቀነስኩ። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ትንሿ በር ተከፈተች።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቆመዋል።

«እቴጌ፣ በፈቃድዎ ነው የሚገቡት?»

«በፈቃዴ ነው» አልኳቸው።

ገባሁ። ጋዋኔን ለበስኩ፣ ባልዲዬን ሞላሁ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትኩ። ልጄ ድናለች። ሥራዬ ላይ ነኝ። ደህና ነኝ።